ቆጣሪው ይቆጥራል

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ አራብሳ ሲተኛ፣
ቧንቧው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደ ዳኛ፣
«ውሃ መጣ፣ ተነስ!» ትርሲት በክርኗ
ጎኔን ታንኳኳለች፣ ሳይገለጥ ዓይኗ።
እነሣለሁ እንጂ፤ ምን ምርጫስ አለኝ?
ትዳር ሳይሆን አይቀርም ቦቴ አድርጎ የሾመኝ።
በአንድ እግሬ የኔን ጫማ፣ በአንዱ የእሷን አጥልቄ፣
በርሜሉን እሞላለሁ፣ ከጨለማው ታርቄ፤
ሳፋውን፣ ጀሪካኑን፣ ያለቀውን የዘይት ዕቃ፣
ከፖፖው በቀር ሁሉም ጠጥቶ እስኪበቃ።

ከብሎኩ ጀርባ ካለው፣ ፎቅ ካልዋጠው ማሳ፣
ጅብ ይጮኻል። ፍናን ብቅ አለች፣ እንደ ኤሊ፣ ከብርድ ልብሷ፦
«አባዬ፣ የጅቡም ቤት ውሃ መጥቶ ነው የተነሣ?»
«አዎ፤ እሱም አባት ነው፤ ሚስቱ ቀሰቀሰችው።»
«በርሜል አላቸው?»
«ትንሽ።»
«ታዲያ ለምን ያለቅሳል?»
«ደረጃው ብዙ ነው።»

የኛም ብዙ ነው። የሊፍቱ ጉድጓድ አለ፤ ሊፍቱ መንገድ ላይ ነው፤
ዕጣ ከወጣልን ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ እየመጣ ነው።
ፍናን ትቆጥራለች፦ «አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አሥር፣ አሥር…»
በሷ ሂሳብ ቤት ደርሰናል፣ መውጣት ገና ሳንጀምር።
ያፌት ደግሞ በየጠዋቱ፣ ገና ሸሚዜ ሳይደርቅ ከካውያ፣
ትከሻዬ ላይ ወተት አስታውኮ ማዕረግ ይሰጠኛል፤
ቢሮ ስደርስ ጥበቃው «ሻለቃ!» ብሎ ይስቅብኛል።

ወተቱን ኦቦ ረጋሳ ናቸው በማለዳ የሚያመጡ፤
በር ላይ ቆመው ቤቱን በዓይናቸው ያርሱታል፣ ሳይቀመጡ።
«ከሳሎንህ ግርጌ» ይሉኛል፣ «የኔ የጓያ መሬት ነበር፤
ውሃ ይተኛበታል፤ ፍሬ አይሰጥም ከቁም ነገር።»
«እንጃ፣ ኦቦ» እላለሁ፣ «ለኛስ ሰጥቷል መኸር፤
ሁለት ልጅ አብቅሏል፣ ያለ ማዳበሪያ ብድር።»
ይስቃሉ። ሳቃቸው መሃል ዓይናቸው መስኮቱን ያልፋል፤
እታች፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የሆነ በሬ ይፈልጋል።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንዲት አባባል ነበረችው፣
ስንበላም፣ ስናጠናም፣ ስንስቅም የማትለየው፦
«መብራት አጥፉ! ቆጣሪው ይቆጥራል!»
ያኔ ምዬ ነበር፦ «እኔ ስወልድ ቤቴ እስኪነጋ ይበራል።»
አንድ ሌሊት ሽንት ቀስቅሶኝ ጓዳውን ገርበብ ሳደርገው፣
በጨለማው ቆሞ ስኳር ሲቅም አገኘሁት፤
አባቴን፣ ያንን ኮስታራ ሰው።
አልተቆጣም። ጣቱን ከከንፈሩ አጣብቆ፣
እኔንም አንድ ማንኪያ አቃመኝ፣ ትንሽ ሳቁን ደብቆ።
ጠዋት እናቴ ጣሳውን ስታይ፣
«ጉንዳን ነው» አልናት፣ ሁለታችንም እኩል።

እና ትናንት ማታ ፍናን የሦስቱንም ክፍል አምፖል አብርታ፣
አሻንጉሊቷን ስታስተምር፣ በገዛ ጥላዋ ተደስታ፣
አፌን ከፈትኩ። ማነው ያ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ የገባ?
«ፍናን! ቆጣሪው ይቆጥራል!»
ትርሲት በሳቅ ፈረሰች፤ ከወንበር ተነሥታ እጅ ነሣችኝ፦
«እንደምን አመሹ፣ አባባ?»
ፍናን ግን በጣም ተጨነቀች፤ ወደ ግድግዳው ቀረበች፤
«እስከ ስንት ይቆጥራል? ከአሥር በኋላ ያለውን ያውቃል?» አለች።

አሁን በርሜሉ ሞልቷል። ቧንቧው አንዴ አስነጥሶ ደረቀ።
ጅቡም ዝም ብሏል፤ ደረጃውን ጨረሰ መሰለኝ፣ ዘለቀ።
ወደ ጓዳ ገባሁ። መብራት? አላበራሁም።
የጣሳው ክዳን ትንሽ ጮኸ፤ ማንኪያውን ግን አላስጮህኩም።
ከኋላዬ ባዶ እግር፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፦
«አባዬ፣ ምንድነው የምትበላው?»
«ምንም።»
ቆም አለች፣ አሰበች፣ አፏን እንደ ጫጩት ከፈተች፦
«እኔንም፣ ምንም ስጠኝ።»