አራተኛው ጥያቄ

ራሄ፣ ፊንላንድ። ከመስኮቱ ማዶ ባሕሩ ረግቷል በበረዶ፤
ብዕሩ በክር ታስሯል፤ ቅጹ ላይ ያ መስመር እንደ ወትሮው ባዶ።
«ከቤተሰብዎ መሃል
በመጠጥ ወይም በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው አለ?» ይላል።
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «አላውቅም» ብያለሁ፤
ሐኪሙ ቀና ሲል አንገቴን ደፍቻለሁ።

አሳዳጊዬ ኤይኖ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤
ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ ቢሉ የሳል ሽሮፕ ብቻ፣ እሱም በቁልፍ በር።
ሂልያ ኬክ ላይ ጠብ የምትል አረቄ እንኳ አትፈቅድም፤
ፍቅር ጎደለብኝ ብዬ ግን አልዋሽም።
«ሲርካ» ብላ ስሜን ጠልፋው ከመሃረብ ጫፍ፣
እስከ ዛሬ አለ፤ ጨርቁ አልቆ ክሩ ሳይረግፍ።

ግን በዐሥራ አምስት ዓመቴ፣
ወደቡ ጀርባ፣ ከመረብ ክምር ሥር፣ ከአንድ የትምህርት ቤቴ
ልጅ ተቀብዬ የቀመስኩት ያ የመጀመሪያው ጉንጭ
እንግዳ አልነበረም።
እንደሚያውቀኝ ሰው ነው፤ በሌላ ስም ጠራኝ፣
ሰምቼው በማላውቅ ስም፤ እኔም «አቤት» አልኩኝ።

ኤይኖ ሰዓት እንደሚፈታ ቤቱን ፈታው፦
የቱ ጥርስ ተሰበረ? የቱ ዘንግ ነው የተዛባው?
ሌሊት ሰማሁት፣ «ምን አጎደልንባት?» ሲላት ሂልያን፤
መልስ የላትም። ግድግዳው ብቻ ይቆጥራል ደቂቃን።
ጎረቤት ግን መልስ አላጣም፤ ተረቱን ያውቀዋል፦
«ዘር ከልጓም ይስባል።»

የቀረውን አላስረዝመውም።
ሁለት ጊዜ ሥራ አጣሁ። አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ ስስ በረዶ ላይ ቆምኩ፤ አልተሰበረም።

አርባ አራት ሲሞላኝ፣ መጠጥ ከተውኩ በሁለተኛ ዓመቴ፣
ከመዝገብ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ስሟ ነበረበት፣ የወላጅ እናቴ።
የሞተችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል።
አባት፦ «ጠጪ» ይላል።
አንድ ቃል። ሰው በአንድ ቃል ያልቃል።
ከሥሩ ግን፣ መደምሰሱ የተረሳ ይመስል፣ በእርሳስ፦
«ወንድ ልጅ፣ ታይስቶ፣ ከአባቱ ዘንድ ቀረ።»

ወደ ከሚ በሚሄደው ባቡር ፊቱን ሣልኩት፦ ያበጠ፣ የጠቆረ።
እኔ ጠብታ በሌለበት ቤት አድጌ እንዲህ ከሆንኩ፣
እሱ በጠርሙስ መሃል ያደገውማ... ብዬ ሳልጨርስ ደረስኩ።

በሩን ከፈተ። የተተኮሰ ሸሚዝ። በብርጭቆ የዱር ፍሬ ጭማቂ።
«ቀምሼ አላውቅም» አለኝ፤ «በስድስት ዓመቴ የአባቴን ትውከት ስጠርግ፣ ጠረኑ ሆነኝ በቂ።»
ግን መጋረጃው ዝግ ነው በቀትር፤
ጠረጴዛው ላይ የኔው ክኒን፣ የኔው ቀለም፣ የኔው ቁጥር።
ኅዳር ሲመጣ ከአልጋ የማይወርድባቸው ሳምንታት አሉ፤
እኔም አሉኝ። ሳቅን። ወንድምና እኅት በምን ይተዋወቃሉ?
ደረሰኝ አጥፎ ጠርዙን ሦስቴ በጥፍሩ ሲጫነው
ዝም ብዬ አየሁ፤ ያ ልማድ የኔ ነው።

የቱ ከደም መጣ፣ የቱ ከደጅ?
ድርና ማግ ነው ነገሩ፤ ጨርቁን ሳይተረትር ማን ይለያል በእጅ?
ያ ጎረቤት በሕይወት ካለ ልመልስለት፦
አዎ፣ ዘር ይስባል፤ ስቦኛል፣ ክንዴ እስኪገነጠል። አንድ ነገር ግን ረሳህበት፤
ልጓሙን የያዝኩበት አያያዝ የኤይኖ ነው፣
በቀስታ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ሰዓት ሲጠግን እንዳየሁት ነው።
«ምን አጎደልንባት?» ላለው ሰው
«ምንም» ልለው ነበር። መቃብሩን በረዶ አለበሰው።

ነርሷ ትጠብቃለች። መስመሩ ጣት አያህልም ስፋቱ።
«ካለ ይግለጹ» ይላል። እናት፣ ብዬ ጻፍኩ። አባት።
ከዚያ ለሕመም ስም በተተወው ቦታ ላይ፣
ሐኪሙ ምን እንደሚያደርገው ሳላውቅ፣
ክሩን እስከሚደርስ ስቤ፦
«ወንድም አለኝ።»