መለኪያ

ከአማኑኤል ተነሥቼ፣ ማርቆስ ደርሼ በጠዋት፣
የትሁኔን ዐይን አሳይቼ፣ መነጽር ታዞላት፣
ውሃ ጥም ይዞን ነበር፣ ፀሐዩም የመጋቢት፣
መናኸሪያው ማዶ አየን፣ አዲስ የተከፈተ ቤት።
ስሙ በመብራት ተጽፏል፣ ወለሉ መልክ የሚያሳይበት፤
"ስምንተኛ ቅርንጫፍ" ይላል፤
ሰባቱ ወዴት ናቸው ብዬ ትሁኔን ጠየቅኋት።

ግድግዳው ላይ ሦስት ብርጭቆ፦
ትንሹ እንደ ጣት፣ መካከለኛው እንደ ክንድ፣
ትልቁ እንደ ባሕር ዛፍ ግንድ።
የማንጎ ጁስ ነው፣ ቢጫው ሊፈስ ተንጠልጥሎ፣
ሠዓሊው እጁ አልሳሳ፣ ከገደፉ አስተካክሎ።

አሳላፊው ትሑት ልጅ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተሰፍቷል፤
"ይበልጣል" ይላል። የሉማሜ ልጅ ነኝ ብሎኛል።
"የትኛው ይሻላል ልጄ?" ብለው፣
"ትልቁ ነዋ እትዬ፣ ትልቁ ይበልጣል!" አለ፣ ሳቅ እያለው።
ስለ ስሙ ይሁን ስለ ብርጭቆው፣ አልለየሁም፤
ሁለት ትልቅ አዘዝሁና ዋጋውን አልጠየቅሁም።

መጣ።
ቁመቱስ ረጅም ነው፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ያለ፣
ከላይ ግን ሦስት ጣት አረፋ፣ ከሥር በረዶ ያዘለ፤
ቂጡ ደግሞ ወፍራም መስታወት፣ እንደ ዝሆን ተረከዝ፣
ማንጎው መካከል ታንቋል፣ እንደ በጋ ወንዝ።
ሁለቴ ሳብሁት በቀሰሙ፣ ሦስተኛው ላይ "ኩርርር" አለ፤
ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ያንኮራፋሁ መሰለ።

እኔ ደግሞ አረቄ ሻጭ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድቻለሁ፣
የትኛው ዕቃ ስንት እንደሚይዝ በዐይኔ አውቃለሁ።
ከጎናችን የነበረው ሰው፣ መካከለኛ ጠጥቶ ሄዷል፤
ባዶውን ሳብ አደረግሁ፤ የትሁኔ ኮዳ ውሃ ይዟል።
ሞላሁት። ወደ ትልቁ ገለበጥሁት። ልክ ገደፉ ላይ ቆመ።
አልተረፈም፣ አልጎደለም፤
የሁለቱ ሆድ አንድ ነው፣ ከቁመት በቀር ልዩነት የለም።

"አክስቴ በፈጠረሽ ተይ" አለች ትሁኔ፣ እግሬን ረግጣ ከሥር፤
አልተውሁም። ጠራሁት ይበልጣልን፣ አሳየሁት ያን ምሥጢር።
ዐየው። ጆሮው ቀላ።
"እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ ብርጭቆው ተጭኖ የሚመጣ ከሌላ፣
ከአዲስ አበባ ነው። ስምንቱም ቤት አንድ ነው ልኩ።
እኔም የገባሁ ሰሞን ለክቼዋለሁ፤ ዝም በል ብለው ላኩ።"

ከፈልሁ፣ አራት መቶ ብር። አሥር ጨመርሁ ለጉርሻ፤
ለምን እንደሆን እንጃ። ምናልባት ለጆሮው ቅላት ማካካሻ።

መንገዱን ሙሉ አማሁ፤ ሾፌሩም ረዳቱም ሰማ፤
"ሥዕል አይጠጣ እህቴ" አሉኝ አንድ አዛውንት ከኋላ፣
ሳቃቸውን ይዘው በሸማ።

ማታ ቤቴን ከፈትሁ።
ግንበኛው ደጉዓለም ገባ፣ ጥጉን ያዘ እንደ ወትሮው፤
ቀዳሁለት። እሱም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣
መለኪያዋን ወደ አምፖሉ አነሣት፣
አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ከሥሯ አያት።
ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ፣ ጸሎት ይመስለኝ ነበር፣
ወይም የአረቄውን ጥራት መመርመር።
ዛሬ ጎንበስ አልሁና በእሱ በኩል አየሁ፦
ቂጧ ወፍራም ነው፣ የአውራ ጣት ያህል መስታወት፤
ከቡሬ ገበያ፣ ከሦስት ዓይነት መርጬ የገዛሁ።

መርጬ።

"ደጉዓለም" አልሁት። "አቤት" አለ።
"ምን ታያለህ እዚያ ውስጥ?"
"ምንም። መብራቱ ሲሰባበር ደስ ይለኛል" ብሎ፣
አደረጋት ጭልጥ።

ጠርሙሱን እንደያዝሁ ቆምሁ፤ ከዚያ ጨመርሁለት፣
እስከ ገደፏ ድረስ፣ ጠረጴዛው እስኪርስበት።
"ይህችስ በምን ሂሳብ ነች?" አለ።
"በማንጎ" አልሁት።