ሰፊ ጎማ፣ ጎማ ሰፊ

ሰኞ ገበያ ግርጌ፣ ደሴ፣ ከይማም በር ላይ፣
ሁለት ጎማ ቆሟል፣ ፊት ለፊት ሲተያይ።
አንዱ ጠባብ፣ ረጅም፣ ጥርሱ የገጠጠ፣
አንዱ ሰፊ፣ ደረቱ ከመንገድ የበለጠ።
የተነፋ ከመነዳሪ ከበርሜል ውሃ ነክሮ፣
አረፋ እየጠበቀ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣
“ምረጥ” አለኝ ይማም፣ “በጀቱ አንድ ነው ዘንድሮ።”

እኔ ሹፌር ነኝ፣ የክትባት መኪና፤
ከደሴ ኩታበር፣ በሽሎን ተሻግሬ፣ ሽቅብ ወገል ጤና።
ስንት ክረምት ወጣሁት፣ ስንት በጋ ወረድሁት፣
ጎማ ምረጥ ሲሉኝ ግን እንደ ልጅ ፈራሁት።

ይማም ጎማ ሰፊ ነው፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ፤
ሰፊ ጎማ ሲሸጥ ግን አንደበቱም ሰፋ እንዲህ፦
“ሰፊው መሬት አይጫንም፣ እንደ ምንጣፍ ነው፤
አሸዋ አይውጠው፣ ድንጋይ አይወጋው።
ደግሞስ እየው እስቲ፣ መኪናህ ሲያምርበት፣
እንደ ሚዜ ቆሞ፣ ደረት ወጥቶለት!”

እውነቱን ልናገር፣ ያታለለኝ ደረቱ ነው።

ሐምሌ ነበር። የደላንታ ዋልካ ጠጥቶ ጠጥቶ፣
መንገዱ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፣ መልኩን ሁሉ ትቶ።
ሰፊው ጎማ ላዩን እንጂ ታቹን መች ነካና!
እንደ ጀልባ ሄደ፣ መሪው በእጄ ላይ ቀልድ ሆነና፤
ቀኝ ስለው ወደ ግራ፣ ፍሬን ስይዝ ጭራሽ ፈጠነ፣
ጥርሱ ጭቃ ጠግቦ፣ ድድ ብቻ ሆነ፣
ቦይ ውስጥ በጎኑ ጋደም አለ፣ ሞተሩም ሰከነ።

ረዳቴ አበጋዝ በረዶውን ይዳስሳል፦
“እስከ ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ይበላሻል።”

አያ ጓንጉል መጡ፣ ሁለት በሬ ነድተው፣
ሳይቸኩሉ፣ ቀንበሩን በትከሻ ይዘው፣
ጎማውን በዱላ ነካ ነካ አርገው፦
“ይሄ የግመል እግር ነው፣ ማነው የገጠመልህ?
ግመል ላሸዋ ነው። ዋልካ ላይ አምጥተህ
እስቲ አቁመው፣ አራቱ እግር ባራት አገር ይሄድብሃል።
የኔን በሬ እየው፤ ሰኮናው ጠባብ፣ ስንጥቅ ነው፣ ይወጋል፤
ጭቃ የሚያውቅ እንስሳ፣ ጭቃ አያቅፍም፣ ወግቶ ያልፋል።”

ጎተቱኝ። ዋጋ ብጠይቅ ሳቁብኝ፣ “ለክትባት?” ብለው።

ከደሞዜ በየወሩ ሊቆረጥ፣ ጠባቡን አስገጠምሁ።
ይማም አቀረቀረ፤
ከመነዳሪውን ብቻ ደጋግሞ ነከረ።
ጠባቡም ደላንታን እንደ ማረሻ ሰነጠቀው፣
ከጭቃው ስር ያለውን ኮረት አግኝቶ ነከሰው፣
መሪው እጄ ላይ ተናገረ።
እኔም ኮራሁ። አይ ሰው!

ጥቅምት ላይ፣ ድልድዩን ትተን፣ ከማዶ ላለች መንደር፣
በበሽሎ ሆድ ገባን። ውሃው ጎድሎ ነበር።
አሸዋው ሜዳ ሆኖ፣
መኪናው ሰጠመ፣ እስከ ቸርኬው ተደፍኖ።
አበጋዝ አየኝ፣ አየሁት። ስለ ግመል ማን ያንሳ?
ዝም ብሎ ወረደ፣ የጎማውን አፍ በጥፍሩ ተጫነ፤
ፍስስስ…
እኩሌታው ንፋስ ወጣ፣ ጎማው ሆዱን ለቀቀ፣
ጠባቡ ለጊዜው ሰፋ፣ ልሉም አሸዋ ጠበቀ።
በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ሌባ፣ ተሻገርን።

ማዶ ላይ ዕዳ አለ፦ አራት ጎማ፣ አንድ የእጅ መንፊያ፣
ፀሐይ አናት ላይ፣ ዛፍ የለም መጠለያ።
“ማስተንፈሱስ ቀላል ነበር” አለ አበጋዝ፣
ሦስተኛው ጎማ ላይ፣ ወገቡን ይዞ፤
ሌላ አልተናገረም፣ እስክንደርስ፣ ደንዝዞ።

ሰፊዎቹስ?
ይማም በካራ ቆርጦ፣ በረባሶ አርጎ ሰፋቸው፤
ጎማ ሰፊው ጫማ ሰፊ ሆነ፣ ሰፊው ጎማ ሲያልቅባቸው
እግረኞች ተሰለፉ። አንዱን ጥንድ ቋጥሬ፣
ላያ ጓንጉል ወሰድሁ፣ ውለታቸውን ቆጥሬ።
ተቀመጡ፣ አጠለቁ፣ ተነሥተው ረገጡት፣
ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ዝም ብለው መዘኑት።

“ጠበበኝ” አሉ።
ከዚያ ጭቃውን አይተው፦ “ግድ የለም፤
ዋልካ ላይ ይሻላል።”