አለች

ቱርኩ ላይ ቀን ያልቃል፣ ገና በዘጠኝ ተኩል፣
ኢርሜሊ ከስክሪኑ ፊት ፕሮቲኑን ስትከፍል፤
ይሄኛው ጥቅል ቀይ ይሁን፣ በራሱ የቆመ ነው፣
ሆዱ ውሃ የሚሸሽ፣ ቆዳው ውሃ የለመደው፤
ያኛው ሰማያዊ፤ እጥፋቱም የተለየ፣
ነጥለው ቢያስቀምጡትም ሳይተረተር የቆየ።
በሁለቱ መሐል ግን ሥዕሉ ይበጠሳል፤
ኮምፒዩተሩ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ አድርጎ ያልፋል።

«አሥራ አራት አሚኖ አሲድ» አለ ኦኒ፣ ተማሪዋ፣
«ኤክስሬይ እንኳ ያላያት ክር፣ ምንድን ነበር ሥራዋ?»
ስምንቱን ቆርጦ ጣለ።
ሁለቱም ጥቅሎች ዳኑ፣ ቅርጻቸው አልተነካ፤
አንዱ ካንዱ ደጅ መድረስ ግን፣ አቅቶት ኖሯል ለካ፤
ቢጫ ይሆናል የተባለው ቱቦ
ሦስት ቀን ውሃ መሰለ።

ኢርሜሊ አልተቆጣችም።
የኩስታቪ ልጅ ነች፤ አባቷ ከደሴት ደሴት
ጀልባ ሲያመላልስ አረጀ፣ በአንዲት ሽቦ ምሪት፤
ጭቃ ለብሳ የምትተኛ፣ ከባሕሩ ሥር ረግባ፣
ብቅ የምትል ለአፍታ፣ ስትጎትታት ጀልባ።
ካርታ ሠሪ አያውቃትም፤
እሱ የሚያቀልመው ደሴቱን ነው።
አንድ ክንድ ብታጥር ግን
ፖስታውም፣ ሐኪሙም፣ ላሟም፣
ወዲህ ማዶ ነው የሚቀረው።

ኦኒ በፋይሉ ላይ «ባዶ» ብሎ ነበር የጻፈው፤
ሰርዛ «አለች» አለች፤
«አርፋ ስለማትቀመጥ ነው የማትታየው።»