ሁለቱ ክሮች

ሳሬማ ደሴት ላይ፣ ባሕሩ በረዶ ሆኖ፣
ኡርማስ ሙሪን አቅፎ መጣ፣ በካፖርቱ ሸፍኖ።
«ሊቪ፣ እይልኝ» አለ፤ «ከማክሰኞ ወዲህ
እግሩን ሲያነሳ ደም ነው ጠብ የሚለው፣ እንዲህ፣ እንዲህ።»

ጓንቴን አጠለቅሁ። በጣቴ ጫፍ ዳሰስኋት፤
ለውዝ ታክል የነበረች እጢ፣ እንቁላል ሆና አገኘኋት።
ነገርኩት፦ ለዘሩ ፈሳሽ የሚያፈልቅለት
ውሻ ሌላ ረዳት የለው፤ ይህችው ናት ያለችለት።

ሁለት ነርቭ ይወርዱላታል፤ አንዱ ከወገብ ተነሥቶ
«ጭመቂ!» ይላታል፣ ጡንቻዋን ጎትቶ።
ሌላው ከዳሌ ነው፤ ቀስ ብሎ ደሟን አሙቆ፣
«ሙዪ» ይላታል፣ እንደ ጎረቤት ለምኖ፣ ጠይቆ።

ክሮቹስ ደህና ናቸው፤ ሆርሞን ነው ያሳበጣት፣
ዘጠኝ ዓመት ከቆለጡ እየፈሰሰ የቀለባት።
«እና?» አለኝ።
«ይኮላሽ፤ ትሟሽሻለች በወሩ።»
ቆቡን አውልቆ ዝም አለ፤ ቀሉ ጆሮና ግንባሩ።

«እኔንም ታርቱ ሐኪም ቤት፣ ይችኑ እጢ ነው ያሉኝ፤
ለሚስቴ አልነገርኳትም። ወገቤን ነው አልኳት፣ በረደኝ።»

ሙሪ ጠረጴዛው ላይ ጅራቱን አንዴ መታ።
ኡርማስ ጆሮውን ያሻል፤
ማን ማንን እንደሚያጽናና አልገባኝም እስከ ማታ።