ጉዳዩ፦ ስለ ፊርማዬ

ስሜ ረውዳ ነው፣ የመኮንን ልጅ፤
ኮምቦልቻ ውስጥ ነኝ፣ ከመዝናኛው ደጅ፣
በቆርቆሮ መስኮት ትኬት እቆርጣለሁ።
ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ደሞዝ እበላለሁ
ከሚሽከረከረው ከዚያ ትልቅ መንኮራኩር።
ይህን ቀድሜ ልናገር፣
ኋላ «ማን ላካት?» ብሎ ሰው እንዳይጠረጥር።

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ አዳራሹ ሞላ፤
ውሃ ታደለና ብስኩቱ ተበላ።
ወረቀት ዞረና «ፈርሙ» ሲሉን ፈረምን፣
ለብስኩቱ መስሎን።
ሰኞ ለት በሩ ላይ ተለጥፎ አየነው፤
ያው የኛው ፊርማ ነው፣
አናቱ ላይ ግን «ተስማምተናል» ይላል፤
የጎፍ ደን ተቆርሶ ለመዝናኛው ተሰጥቷል።

ፕላኑን አየሁት። ያምራል፤ ለምን ልዋሽ?
ባቡር አለው፣ ኩሬ አለው፣ ከዘንባባ የሚዋሰን ሜዳ።
ቀጭኔ አቁመዋል፣ አንገቱ ሲሚንቶ፤
አንበሳም አለበት፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፤
ድኩላም አለበት፣ በቀለም ተቀብቶ፤
የቆመውም እዚያው፣ ከምንጩ ጥግ፣ ከቀጋው ሥር፣
እውነተኛው ድኩላ ከሚያመሽበት ዳር።

እኔ አውቀዋለሁ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ፣
ጄኔሬተር ሲጠፋ፣ ሁሉም ሲረጋጋ፣
ልጆች የጣሉትን የሙዝ ልጣጭ ሽቶ
አጥሩ ጋ ይቆማል፣ አንድ እግሩን አንሥቶ።
ግራ ጆሮው ቁራጭ ነው። አንዴ ተያይተናል፤
ማን ማንን እንደፈራ አላህ ብቻ ያውቃል።

ይመር ሙሄ እጁን አወጣ፣ የደኑ ጥበቃ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመጥረቢያ ድምፅ ስነቃ፣
ጭራሮ የለቀመች ሴት ባገኝ በዚያ ጋራ
ገመዷን ቀምቼ ክስ እጽፋለሁ፣ ሳልራራ።
እስኪ ንገሩኝ፣ በስካቫተሩስ
ማን ነው የሚጽፈው ክስ?»
ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና
«ሌላ አስተያየት?» አለ። ቀጥሎ ሻይ መጣና
ይመር ቁጭ አለ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ያን ክረምት ረሳችሁት?
ከላይኛው ገመገም፣ ዛፉ ከሳሳበት፣
ጎርፉ የወረደው፣ የዘሀራን ሱቅ ሰብሮ፣
የዓመት በርበሬዋን ከጭቃ ጋር አብሮ
ቦርከና እስኪቀላ?
ጥቅጥቁ ባለበት በኩል ግን አንድ አጥር አልወደቀም።
ይህን መሐንዲሱ አልጻፈም።

ልጆች አይጫወቱ ማለቴ አይደለም፤
ወንድሜም ሥራ ፈት ነው፣ እሱን አልረሳሁም።
ከመናኸሪያው ማዶ፣ መጋዘኑ የፈረሰበት፣
ባዶ መሬት አለ፣ እሾህ የበቀለበት፤
ባቡሩን እዚያ ስሩት፣ ቀጭኔውንም እዚያ አቁሙት።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ከመስኮቴ ሆኜ የማውቀው፤
ሰው ሃያ ብር ከፍሎ ከላይ ሲደርስ የሚያየው
መንኮራኩሩን አይደለም።
ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል፣ አፍታ ያህል፣
የሚጮኸው ሁሉ ዝም ይላል።
ልጄ ሀያት ጣቷን ትቀስራለች፤ «እማ፣ የጎፍ!»
ጉሙ ከጽዱ ላይ ሲገፈፍ፣
ጉሬዛው ነጭ ጭራውን ይዞ ሲዘል ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ።
ስድስት ዓመት ሙሉ የቆረጥኩት ትኬት
ለካ የዚያ ነበር። እሱን ከመነጠራችሁት
ከላይ የወጣ ልጅ ምን ያያል፣ ዓይኑን ቢከፍት?
ሌላ መንኮራኩር?

ስለዚህ በትሕትና፣
ተራ ቁጥር አርባ ሦስት፣ ረውዳ መኮንን፣
ያ ፊርማ የብስኩት ነው፤ ይሰረዝልን።
ብስኩቱን እከፍላለሁ፤ ዋጋውን ጠይቄአለሁ፣
ስምንት ብር ነው።

ድኩላው ፊርማ የለው። ትናንት ማታ ግን መጣ፤
ቀይ የተቀባውን ችካል አሸተተና
ዞሮ ሽቅብ ወጣ።