ባለቤቱ ማነው?

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ማክሰኞ ከሰዓት፤
የሜዳው ነፋስ ነው መስኮቷን ሲመታት።
ሦስት ወንበር አለ፤ አንዱ የሎሬይን፣ የአማካሪዋ፣
ጉልበቷ ላይ ተከፍቶ ቢጫ ደብተርዋ፤
አንዱ አቶ ይርዳው ከጫፉ የተቀመጡበት፤
ሦስተኛው የእኔ ነው፣ የአስተርጓሚዋ፣ ስም የማይጻፍበት።

«ጨነቀኝ» አሉ፤
አንዲት ቃል ጣሉና ዝም አሉ።
እኔም እንደ ልማዴ ተቀብዬ አሻገርኳት፤
ከእንግሊዝኛው ማዶ «ጭንቀታም ነኝ» አደረግኳት።
«ደከመኝ» ሲሉም «ደካማ ነኝ» አልኩኝ፣
በሰዓት ሠላሳ ዶላር እየተከፈለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ቆመው ከሥጋው ፋብሪካ፣
ቢላ በእጃቸው፣ በማታው ፈረቃ፤
ካለፈው ጥር ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላቸው፣
የሠሩት በሙሉ ጥፋት መሰላቸው።

በስምንተኛው ሳምንት ሎሬይን፦
«እስቲ ከእርስዎ ላይ አውርደን እንየው፤
ይህን ነገር ምን ብለን እንጥራው?»
ልተረጉም አፌን ስከፍት ቃሉ ቆመ፤
የሁለት ወር ጥፋቴ ከፊቴ ተመመ።

«ይቅርታ» አልኩ፣ አስተርጓሚ ከራሷ መናገር የለባትም፣
«እኚህ ሰው እስከ ዛሬ ‹ነኝ› ብለው አያውቁም።
ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደከመኝ፣ ጨለመብኝ፤
በእኛ ሰዋስው ሰውየው ተሳቢ ነው፣ የሚደረግበት።
ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ‹እሱ› የሚባል፣ መልክ የሌለው።
ልጆች ሳለን መምህር ወርቅአለማሁን ‹እሱ ማነው?› ስንላቸው፣
ጠመኔውን አስቀምጠው ‹እሱማ አይታወቅም› ይሉን ነበር።
‹ነኝ›ን የጨመርኩባቸው እኔ ነኝ።»

ሎሬይን የጻፈችውን ገጽ ገለበጠችው።
«እንግዲያው ጠይቂያቸው» አለች፣ «በራሳቸው ቋንቋ።»

«አቶ ይርዳው፣ የጨነቀዎት እሱ ማነው?»

ማሞቂያው አንዴ ተንኳኳ።
ከዚያ ሳቁ፤ እንዲህ ይስቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።
«ቆጣሪው ነዋ!» አሉ። «ነጭ ቆብ አለው፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጣው።
ከእግሬ ሥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤
ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ያነጋል።»

ሁለቱ የማሪሴል ጣቶች ናቸው።
ጥር ላይ ጓንቷን ሰንሰለቱ ይዞት፣
እሳቸው ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር።

ሎሬይን ሳትቸኩል ጠየቀች፤
እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አሻገርኩ፦
«ሰንሰለቱን ማን አቆመው?»

መሬት መሬት አዩ። ቢላ የለመደው እጃቸው
ባዶውን ተጨበጠ፣ ተፈታ።
«ማቆሚያውን ገመድ የሳብኩት…» አሉ፣
«የሳብኩት እኔ ነኝ።»

ነኝ አሉ። በገዛ አፋቸው።

«ቆጣሪው ይህን መዝግቦታል?»
«እሱ? እሱ መቼ ይመዘግባል!»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አራተኛ ወንበር ተበደርን።
ማሪሴል ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤
የቀሩትን ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ
በአገሯ ቋንቋ፣ አንድ በአንድ እየነካች፣ ቆጠረች፤
ኢሳ፣ ዳላዋ፣ ታትሎ… ዋሎ ላይ ቆመች።
ቋንቋዋን አላውቅም። አስተርጉሚ ያለኝም የለም።
አቶ ይርዳው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤
ስምንት ሲደርሱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

ቆጣሪው ዛሬም ይመጣል አሉ፤
ግን አንዳንዴ ያረፍዳል፣ አሥር ተኩል አካባቢ፣
ሲመጣም «ስምንትስ?» ብለው ያፋጥጡታል።

ማታ የሥራ ቅጼን ስሞላ አንድ ሣጥን አለ፦
«ከድርሻዎ ውጭ የተናገሩት ነገር አለ?»
አለ፣ ብዬ ጻፍኩ።
አንድ ጥያቄ።